የጋራዡ አምፖል ቶሎ ቶሎ ሲቃጠል በሩን እንመርምር

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ትንሽ በሚመስል፣ ግን በብዙ ቤት ደጋግሞ በሚያጋጥም ጉዳይ ላይ ያተኩራል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በቴክሳስ፣ በኮሎራዶና በሌሎችም የአሜሪካ ግዛቶች ቤት ገዝታችሁ ወይም ተከራይታችሁ ከምትኖሩት መካከል ብዙዎቻችሁ ከቤቱ ጋር ተያይዞ የተሠራ የመኪና ማሳደሪያ፣ ማለትም ጋራዥ አላችሁ። የጋራዡን በር ወደ ላይ እየሳበ የሚከፍተው ሞተር ከጣሪያው ሥር ተሰቅሎ ይቀመጣል፤ በሞተሩ ሳጥን ላይ ደግሞ በፕላስቲክ መሸፈኛ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት አምፖል ይገባል። ሪሞቱ ሲነካ በሩ ይንቀሳቀሳል፣ አምፖሉም አብሮ ይበራል፤ በሩ ከቆመ በኋላ በብዙዎቹ መክፈቻዎች ላይ አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ ቆይቶ በራሱ ይጠፋል። ቶሎ ቶሎ የሚቃጠለው እንግዲህ ይህ አምፖል ነው። ከአንድ ፓኬት ከወጡ አራት አምፖሎች ሦስቱ ሳሎን፣ ኮሪደርና መኝታ ቤት ገብተው ለረጅም ጊዜ ሲያገለግሉ፣ ጋራዥ የገባው አራተኛው በሁለትና በሦስት ወር አብቅቶለት ይገኛል። ሌላ ይገዛል፤ እሱም ያው ነው። ለዚህ ምክንያቱ ምንድን ነው? አምፖሉን የሚገድለው ዕድሜው ሳይሆን መንቀጥቀጥ ነው፤ ከልክ ያለፈው መንቀጥቀጥ ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው ከበሩ ነው። ስለዚህ አምፖል እየገዙ መለወጥ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም የሚል ነው የዛሬው መከራከሪያዬ። ይህን እንዲሁ በቃሌ እንድትቀበሉኝ አልጠይቅም፤ ማስረጃውን አብረን እንመርምረው።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። የተለመደው ባለ 60 ዋት የፊላመንት አምፖል፣ ማለትም በውስጡ ያለው ቀጭን ክር ግሎ የሚያበራው ዓይነት፣ ፋብሪካው የሚሰጠው አማካይ ዕድሜ 1,000 ሰዓት ነው። ሁለት ሠራተኞች ያሉበትን ቤት እንውሰድ። ሁለቱም በየመኪናቸው ጠዋት ይወጣሉ፣ ማታ ይገባሉ። በእያንዳንዱ መውጫና መግቢያ በሩ አንድ ጊዜ ይከፈታል፣ አንድ ጊዜ ይዘጋል፤ አምፖሉም በሩ ከቆመ በኋላ የሚቆየውን ጨምሮ አምስት ደቂቃ ያህል ይበራል። ይህ በቀን አራት ጊዜ ከሆነ 20 ደቂቃ ነው፤ በዓመት ወደ 120 ሰዓት ይመጣል። እንግዲህ ነገሩ በበራበት ሰዓት ብቻ የሚወሰን ቢሆን ኖሮ አንድ አምፖል ከስምንት ዓመት በላይ መቆየት ነበረበት። በሦስት ወር ተቃጠለ ማለት ግን ያበራው 30 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ከተሰጠው ዕድሜ ከመቶ ሦስት እጁን ብቻ ተጠቅሞ ሄደ ማለት ነው። ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ወይም በሆስፒታል በፈረቃ የሚሠራ ሰው ባለበት ቤት በሩ ቀንም ሌሊትም ይንቀሳቀሳል፤ ግን አጠቃቀሙ በእጥፍ ቢያድግ እንኳ አምፖሉ አራት ዓመት ሊሞላ በተገባው ነበር። ስለዚህ የሚገድለውን ነገር ከሰዓት ቆጠራው ውጭ መፈለግ አለብን።

አሁን ወደ አምፖሉ ውስጥ እንግባ። የባለ 60 ዋቱ አምፖል ክር የተሠራው ተንግስተን ከሚባል ብረት ነው። ውፍረቱ 0.046 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሃያኛ እጅ አይሞላም። ርዝመቱ ግን ተፍታትቶ ቢዘረጋ ከግማሽ ሜትር ያልፋል። ይህን ሁሉ ርዝመት በጥቂት ሳንቲ ሜትር ቦታ ለማስገባት ሽቦው መጀመሪያ በጥቅልል ይጠመጠማል፣ የተጠመጠመው ደግሞ በላዩ ላይ እንደገና ይጠመጠማል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ሙቀቱ 2,500 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል። ተንግስተን የሚቀልጠው 3,422 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ክሩ አይቀልጥም፤ ነገር ግን በብረት ቀጥቃጭ ወናፍ ፊት የጋለ ማረሻ ለስልሶ ለመዶሻ እንደሚታዘዝ ሁሉ የጋለው ክርም ይለሰልሳል፣ ይለጠጣል፣ በራሱ ክብደት ይረግባል። በዚያ ሰዓት ሳጥኑ ቢንቀጠቀጥ ጥቅልሎቹ ይወዛወዛሉ፤ ጎንና ጎን ያሉት ሁለቱ ከተነካኩ ኤሌክትሪኩ በመካከላቸው ያለውን ርዝመት ትቶ በአቋራጭ ያልፋል። የቀረው ክር አጠረ ማለት ነውና ከሚገባው በላይ ይግላል፣ አንዱ ቦታ ላይ ይቀጥናል፣ እዚያው ላይ ይበጠሳል። ክሩ ሲቀዘቅዝም ከጉዳት አያመልጥም። ከተወሰነ አገልግሎት በኋላ የብረቱ ውስጣዊ ቅንጣቶች በሙቀቱ እያደጉ ስለሚሄዱ ቀዝቃዛው ክር ተሰባሪ ይሆናል። ሲግል ልፍስፍስ፣ ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ የሆነን ነገር የሚንቀጠቀጥ ማሽን ላይ ማሰር በራሱ አስቸጋሪ ነው።

ነገር ግን የጉዳዩ ዋና ፍሬ ያለው አምፖሉ የሚበራበት ጊዜ ላይ ነው። ብዙ ማሽን ይንቀጠቀጣል፤ ልብስ ማጠቢያውም ይንቀጠቀጣል። እዚያው ክፍል ውስጥ ጣሪያ ላይ ያለ አምፖል ግን ማጠቢያው በሚሠራበት ሰዓት ላይበራ ይችላል፣ ቢበራም ከማሽኑ ጋር አልታሰረም። የጋራዡ አምፖል ግን ከሞተሩ ጋር በአንድ ሳጥን ታስሮ፣ ሞተሩ በሚነሳባት በዚያችው ቅጽበት እንዲበራ ተደርጎ ነው የተሠራው። ክሩ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ይግላል፤ ሞተሩም በዚያው ቅጽበት ሰንሰለቱን ጎትቶ ከባዱን በር ካለበት ያንቀሳቅሳል። የመጀመሪያው ግጭት፣ የ12 ሰከንድ ያህሉ ጉዞ፣ በሩ መሬት ሲነካ የሚሰማው ድንጋጤ፣ ሁሉም የሚደርሱት ክሩ በጋለበትና ከምንጊዜውም በላይ በለሰለሰበት ሰዓት ነው። በቀን ስምንት ጊዜ የሚንቀሳቀስ በር በዓመት ወደ 3,000 ጊዜ ይህን ያደርጋል። የጣሪያ ማራገቢያ ላይ የሚገቡ አምፖሎችም ቶሎ በመቃጠል የታወቁ መሆናቸው ይህንኑ ያጠናክራል፤ እዚያም አምፖሉ ከሚሽከረከር ነገር ጋር ታስሮ፣ እየተንቀጠቀጠ ይበራል።

ይህን ስል የሚነሱ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ በቸልታ የሚታለፉም አይደሉም። የመጀመሪያው የኤሌክትሪኩ ኃይል ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው አምፖል ሲቃጠል በመጀመሪያ የሚጠረጥረው መብራቱን ነው፤ ኃይል ጠፍቶ ሲመለስ ከፍ ብሎ መጥቶ አምፖልና ቴሌቪዥን ማቃጠሉ አገር ቤት የታወቀ ነውና። ጥርጣሬው ሳይንሳዊ መሠረት አለው። የፊላመንት አምፖል ለቮልቴጅ እጅግ ስሱ ነው፤ ቮልቴጁ ከመቶ አምስት እጅ ብቻ ከፍ ቢል የአምፖሉ ዕድሜ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። አሜሪካ ውስጥ ለቤት የሚሰጠው ኃይል 120 ቮልት ሲሆን በመደበኛው አሠራር ከ114 እስከ 126 ባለው መካከል እንዲቆይ ይጠበቃል። እንበልና በእናንተ ቤት ሁልጊዜ 126 ነው፤ ያን ጊዜ 1,000ው ሰዓት 500 ገደማ ይሆናል እንጂ 30 አይሆንም። ደግሞም ከፍ ያለ ቮልቴጅ ጋራዡን መርጦ አይመጣም፤ የወጥ ቤቱንም የመታጠቢያ ቤቱንም አምፖል እኩል ይጎዳል። ስለዚህ በቤቱ ሁሉ አምፖል የሚቃጠል ከሆነ፣ በተለይም አንዱ ክፍል ሲደምቅ ሌላው የሚፈዝ ከሆነ፣ እሱ ሌላ ችግር ነው፤ ምናልባትም ዋናው መስመር ላይ የላላ ሽቦ ሊኖር ይችላልና ሳይውል ሳያድር ኤሌክትሪሺያን ወይም ኃይል አቅራቢውን መጥራት ይገባል። የጋራዡ ብቻ ከሆነ ግን ቮልቴጁን ነጻ ልናወጣው እንችላለን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ፋብሪካዎቹን የሚከስ ነው፤ ሆን ብለው ቶሎ እንዲቃጠል አድርገው ነው የሚሠሩት ይባላል። ይህም ከመሬት የተነሳ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ኦስራምንና ፊሊፕስን ጨምሮ በዘመኑ ታላላቅ የነበሩ አምፖል አምራቾች በጄኔቫ ተሰብስበው ፌበስ የሚባል ማኅበር አቋቁመዋል፤ የአምፖል ዕድሜ ከ1,000 ሰዓት እንዳይበልጥም ተስማምተዋል። ስምምነቱ የፈረሰው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ነው። ነገር ግን ይህ ታሪክ ቢያስረዳ የሚያስረዳው አምፖሉ ለምን 1,000 ሰዓት እንደተሰጠው ነው። ከአንድ ፓኬት የወጣ ወንድሙ ኮሪደር ላይ ሙሉ ዕድሜውን ሲኖር ይሄኛው ለምን በ30 ሰዓት እንደሚሞት አያስረዳም። ርካሽ አምፖል የባሰ ደካማ ነው፣ የክሩ መደገፊያ ሽቦዎች ጥቂት ናቸው፤ ይህ እውነት ነው። ድካሙን የሚያጋልጠው ግን የተሰቀለበት ቦታ ነው።

ከሁሉም ጠንካራው ሦስተኛው ነው። አምፖሉን የሚገድለው ቶሎ ቶሎ መብራትና መጥፋቱ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ምክንያታቸውም ይህ ነው፦ ቀዝቃዛ ተንግስተን ለኤሌክትሪክ ያለው መከላከል የጋለው ካለው ከአሥር እጅ አንዱ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። ስለዚህ በበራበት ቅጽበት ከተለመደው ከአሥር እጥፍ የሚበልጥ ኤሌክትሪክ በክሩ ውስጥ ይሮጣል። አብዛኞቹ አምፖሎች ሲቃጠሉ የምናያቸው ማብሪያውን ስንጫን የሆነውም በዚህ የተነሳ ነው። የዚህ ሐሳብ ደጋፊዎች በካሊፎርኒያ ሊቨርሞር ከተማ በእሳት አደጋ መከላከያ ጣቢያ ውስጥ የሚገኘውን ዝነኛ አምፖል ይጠቅሳሉ፤ ከ1901 ጀምሮ ከጥቂት መቋረጥ በስተቀር እንደበራ ነው። እውነት ነው፣ እሱ ደጋግሞ አይበራም አይጠፋም። ግን ክሩ ከካርቦን የተሠራ ነው፣ የሚወስደውም ኃይል 4 ዋት ያህል ብቻ ነው፣ ብርሃኑም ደብዛዛ ነው። ያን ያህል የቆየበት ዋናው ምክንያት ክሩ ከተለመደው አምፖል እጅግ ባነሰ ሙቀት መሥራቱ ነው። ወደ ቤታችን ስንመለስ ደግሞ መታጠቢያ ቤቱን እንይ። በሦስትና በአራት ሰው ቤት ውስጥ የመታጠቢያ ቤት አምፖል በቀን ከአሥር ጊዜ በላይ ይበራል ይጠፋል፤ የጋራዡ አራት ጊዜ ገደማ ነው። ገዳዩ ማብራት ማጥፋቱ ቢሆን የመታጠቢያ ቤቱ ቀድሞ ማለቅ ነበረበት፤ ግን እንዲህ አይሆንም። የማብሪያው ቅጽበት ቀድሞ የቀጠነና የተጎዳ ክር የሚበጠስበት ሰዓት ነው፤ ክሩን ያቀጠነው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ይህን ተቃውሞ ሙሉ በሙሉ አልጥለውም፤ ከመንቀጥቀጡ ጋር ተባብሮ ይጎዳል፣ ብቻውን ግን ተጠያቂ አይሆንም።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ የተቃጠለው አምፖል ራሱ ምስክር ነው፤ ከመጣሉ በፊት በብርሃን ፊት ለፊት ያዙትና ውስጡን ተመልከቱ። ብርጭቆው በውስጥ በኩል ጠቁሮ፣ በተለይም ወደ ላይኛው ክፍል ጥላሸት የመሰለ ነገር ይዞ ከሆነ፣ ተንግስተኑ ቀስ በቀስ ተንኖ ብርጭቆው ላይ አርፏል ማለት ነው፤ ያ አምፖል ዕድሜውን ጨርሷል። ብርጭቆው ጥርት ብሎ፣ ክሩ ግን ተበጥሶ ጫፉ ተንጠልጥሎ ከሆነ፣ ስትነቀንቁትም ሲንገጫገጭ ከተሰማ፣ ገና በጉብዝናው ተመትቶ ነው የሞተው፤ የመንቀጥቀጥ ምልክት ይህ ነው። ውስጡ በነጭ ወይም በቢጫማ ዱቄት ተለብጦ ከሆነ አየር ገብቶበታል፤ ብርጭቆው ወይም ከአንገቱ ጋር የተጣበቀበት ቦታ ተሰንጥቋል። ቀጥሎ ጥርሱን አዙሩና የታችኛውን ጫፍ እዩ። እዚያ ላይ ያለችው የብየዳ ነጥብ ቀልጣ ወይም ጥቁር የቃጠሎ ጠባሳ ይዛ ከሆነ ችግሩ መያዣው ውስጥ ነው፤ አምፖሉ በመንቀጥቀጥ እየላላ፣ ወይም በመያዣው ወለል ላይ ያለችው የነሐስ ምላስ ተጫጭና ዝቅ ብላ፣ መነካካቱ እየተቆራረጠ ብልጭታ ፈጥሯል። መክፈቻው ሁለት አምፖል ያለው ከሆነ ሌላም ፍንጭ አለ፦ ሁሌ የሚቃጠለው በአንድ ወገን ያለው ብቻ ከሆነ መያዣውን ጠርጥሩ፣ ሁለቱም እየተፈራረቁ ከሆነ መንቀጥቀጡን። ምላሷን በጥንቃቄ ትንሽ ቀና ማድረግ ይቻላል፤ ግን መክፈቻው ከሶኬት ሳይነቀል እጅ ወደዚያ አይገባም።

አሁን ወደ በሩ እንመጣለን፤ ብዙ ሰው የማያየው እዚህ ላይ ነው። ወደ ላይ የሚነሳውን የጋራዥ በር በ1921፣ የኤሌክትሪክ መክፈቻውን ደግሞ በ1926 የሠራው ሲ ጂ ጆንሰን የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፣ መሠረቱ ግን አልተለወጠም። ለሁለት መኪና የሚሆን በር ክብደቱ እስከ መቶ ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ይህን ክብደት የሚሸከመው ሞተሩ ይመስለናል፤ አይደለም። የሚሸከመው ከበሩ በላይ ወይም በሐዲዶቹ ጎን የተወጠረው ሞላ ነው። ሞላው ደኅና ከሆነ በሩ በአንድ እጅ ይነሳል፣ ሞተሩም ከመግፋት ያለፈ ሥራ የለውም። ሞላው ሲደክም ግን ያልተሸከመው ኪሎ ሁሉ ሞተሩ ላይ ይወድቃል፤ ሞተሩ ያቃስታል፣ ሰንሰለቱ ይዘላል፣ ሳጥኑ ይንዘፈዘፋል፣ የአምፖሉም ክር አብሮ ይንዘፈዘፋል። የተለመደው የበር ሞላ የሚሠራው ለ10,000 መክፈትና መዝጋት ነው። ቀደም ብለን እንደቆጠርነው ቤት በቀን አራት ጊዜ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ይህን ቁጥር በሰባት ዓመት ገደማ ይሞላዋል። ቤቱን የሸጠላችሁ ሰው ሞላውን መቼ እንዳስለወጠ ካልታወቀ፣ ጊዜው አልፎ ሊሆን ይችላል።

መፈተኑ ቀላል ነው። በሩ ተዘግቶ እያለ፣ ልብ በሉ ተዘግቶ እያለ፣ ከሐዲዱ የተንጠለጠለውን ቀይ ገመድ ስባችሁ በሩን ከሞተሩ አላቁት። ከዚያ በእጃችሁ እስከ ወገብ ከፍታ አንሱትና ከሥሩ ሳትቆሙ በዝግታ እጃችሁን ፈታ አድርጉ። ባለበት ከቆመ ሚዛኑ ደኅና ነው። ወደ ታች ከወረደ ሞላው ደክሟል፤ ወደ ላይ ከተስፈነጠረም ከልክ በላይ ተወጥሯል። በሩ ተከፍቶ እያለ ገመዱን መሳብ ግን አደገኛ ነው፤ ሞላው ተበጥሶ ከሆነ መቶ ኪሎው ባንድ ጊዜ ይወርዳል። ሞላውን ራሱን፣ ከሞላው ጋር የተያያዙትን ገመዶችና በበሩ ታችኛ ጥግ ገመዱ የታሰረባቸውን ብረቶች ማንም በዩቲዩብ አይቶ እንዳይነካቸው አጥብቄ እጠይቃለሁ። በውጥረት ላይ ናቸው፤ ሲፈቱ እጅና ፊት ይሰብራሉ። ለዚህ ባለሙያ ይጠራል፣ ገንዘቡም ለሚገባው ነገር የወጣ ነው።

ከሞላው ውጭ ያለውን ግን ማንኛውም ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያስተካክለው ይችላል። መክፈቻውን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ሳጥኑን ከጣሪያ ያንጠለጠሉትን ብረቶችና የበሩን ማጠፊያዎች ብሎን ፈትሹ፤ በየቀኑ የሚንቀጠቀጥ ብሎን መላላቱ አይቀርም። ሳጥኑ በቀጥታ ከጣሪያው እንጨት ጋር ከታሰረ በመካከሉ የሚገባ የጎማ ማስታገሻ ይሸጣል፤ ለአምፖሉ ብቻ ሳይሆን ከጋራዡ በላይ ለሚተኛ ሰውም ዕረፍት ይሰጣል። ሐዲዱ ውስጥ የሚሽከረከሩት ሮለሮች አልቀው ወይም ደርቀው ከሆነ ይለወጡ፤ የናይሎኑ ዓይነት ከብረቱ ይልቅ ጸጥ ይላል። ለማጠፊያው፣ ለሮለሩ ኩሽኔታና ለሞላው በስፕሬይ የሚመጣ ሲሊኮን ወይም ሊቲየም ግሪስ ይነፋል፤ ሐዲዱ ግን ተጠርጎ ይጸዳል እንጂ አይቀባም። ሰንሰለቱ በጣም ረግቦ ሐዲዱን የሚመታ ከሆነ በመጠኑ ይወጠር፣ ከመጠን በላይ ማጥበቅም ማርሹን ይበላል። በሩ ሲዘጋ መሬቱን በኃይል የሚደበድብ ከሆነ ደግሞ የመውረጃው ገደብ ከመጠን አልፏል፤ እሱን የማስተካከያ ብሎን ወይም ቁልፍ ሳጥኑ ላይ አለ። መክፈቻውን ሊለውጥ ያሰበ ሰው ካለ፣ በሰንሰለት ከሚሠራው ይልቅ በቺንጋ የሚሠራው፣ በተለይም ቀስ ብሎ ተነስቶ ቀስ ብሎ የሚቆም ሞተር ያለው፣ መንቀጥቀጡ በብዙ ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ክሩ ነው ችግሩ ከተባለ ክር የሌለውን አምፖል፣ ማለትም ኤል ኢ ዲ አስገብቶ መገላገል አይሻልም ወይ? ይሻላል። ኤል ኢ ዲ የሚንቀጠቀጥ ክር የለውም፣ 9 ዋት ያህል ወስዶ የባለ 60 ዋቱን ብርሃን ይሰጣል፣ በሚኒሶታ ክረምትም ወዲያው ይበራል። ደግሞም ከኦገስት 1 ቀን 2023 ጀምሮ በፌደራሉ ደንብ የተለመዱትን የፊላመንት አምፖሎች መሸጥ ስለተከለከለ ብዙ ምርጫም የለም። ቀድሞ ለእንዲህ ያለ ቦታ ተብሎ የሚሸጥ፣ ክሩ ወፈር ያለና በብዙ መደገፊያ የታሰረ አምፖል ነበር፤ ብርሃኑ ግን ፈዘዝ ይል ነበር። ስለዚህ ኤል ኢ ዲ አስገቡ፣ ነገር ግን ሁለት ነገር እወቁ።

አንደኛው የሬዲዮ ሞገድ ነው። በኤል ኢ ዲው ጥርስ ውስጥ ኃይሉን የሚቀይር ትንሽ ሰርኪዩት አለ፤ አንዳንዱ፣ በተለይም ርካሹ፣ ሲሠራ የሬዲዮ ጫጫታ ይረጫል። የጋራዥ ሪሞት በብዛት የሚጠቀመው 315 ወይም 390 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ያለ ሞገድ ሲሆን መቀበያው ከአምፖሉ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቆ ነው ያለው። ውጤቱ ግራ ያጋባል፦ ጠዋት በሩ በሪሞት ይከፈታል፣ አምፖሉ ይበራል፣ ከዚያ መኪናውን አውጥታችሁ ልትዘጉ ስትሉ ሪሞቱ አይሰማም። አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ መብራቱ ሲጠፋ ይሰማል። ሰው ሪሞቱን ይጠረጥራል፣ ባትሪ ይገዛል። እንዲህ ካጋጠማችሁ አምፖሉን ነቅላችሁ ሞክሩት፤ ያለ አምፖል ከሠራ ጥፋተኛው ታወቀ። መፍትሔው ፓኬቱ ላይ ለጋራዥ በር መክፈቻ የሚሆን መሆኑ የተጻፈበትን መግዛት ነው። መሸፈኛው ዝግ ስለሆነ ሙቀት የሚችል መሆኑም ይታይ፤ ኤል ኢ ዲን የሚገድለው ሙቀት ነውና። የተጠማዘዘው የፍሎረሰንት አምፖል ግን ለዚህ ቦታ አይሆንም፤ ለአጭር አጭር ጊዜ መብራትና መጥፋት ዕድሜውን ይጨርሰዋል፣ በብርድ ደምቆ ለመብራት ጊዜ ይፈጅበታል፣ ቢሰበርም ሜርኩሪ አለበት።

ሁለተኛው ከዋናው ነጥቤ ጋር የተያያዘ ነው። ኤል ኢ ዲ የመንቀጥቀጡን ምልክት ያጠፋል እንጂ መንቀጥቀጡን አያጠፋም። ሚዛኑ በተዛባ በር ላይ ኤል ኢ ዲ ብናስገባ አምፖል መግዛት እናቆም ይሆናል፤ ሞተሩ ግን ማቃሰቱን፣ ማርሹም መበላቱን፣ የሞላው ድካምም መባሱን ይቀጥላል፤ የሚያስታውሰን ነገር ብቻ አይኖርም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይከበር እላለሁ፤ መጀመሪያ በሩ ይፈተን፣ ከዚያ ኤል ኢ ዲው ይግባ። አምፖሉ ተቃጥሎ ለሳምንታት እንዲሁ ማስቀመጥም ጥሩ አይደለም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ወዲህ የሚሠሩ መክፈቻዎች ሕፃን ወይም ዕቃ ከበሩ ሥር ሲኖር በሩ እንዳይዘጋ የሚያደርግ መከላከያ እንዲኖራቸው ሕጉ ያስገድዳል፤ በአብዛኞቹ ይህ በበሩ ግራና ቀኝ በታች የተተከሉ ሁለት የብርሃን ዓይኖች ናቸው። እነዚህ ዓይኖች ሲከለሉ ወይም ሲንሻፈፉ ብዙዎቹ መክፈቻዎች ችግሩን የሚናገሩት ያንኑ አምፖል ደጋግመው በማብራትና በማጥፋት ነው። አምፖል በሌለበት ቤት በሩ አልዘጋም ሲል ምክንያቱን የሚነግር ነገር የለም።

በመጨረሻም የተከራዮች ጥያቄ አለ። ቤቱ የእኔ አይደለም፣ ሞላ አስለውጣለሁ ብዬ ለምን ገንዘብ አወጣለሁ የሚል ሰው ትክክል ነው። በሩና መክፈቻው የአከራዩ ንብረት ናቸው፤ በአብዛኛው የኪራይ ውል አምፖል የተከራዩ፣ በር የአከራዩ ኃላፊነት ነው። ስለዚህ አምፖሉ በአጭር ጊዜ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተቃጠለ የሚዛኑን ፈተና አድርጋችሁ፣ በሩ ከወገብ ከፍታ ወደ ታች ከወረደ፣ ያንን በስልክ ቪዲዮ ቀርጻችሁ በኢሜይል ወይም በጽሑፍ መልእክት ለአከራዩ ላኩ። አምፖል ተቃጠለ ብላችሁ ከጻፋችሁ አምፖል ግዛ የሚል መልስ ነው የምታገኙት፤ በሩ ሚዛኑን ስቷል፣ ሞላው ይታይ ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ጉዳዩ የደኅንነት ጉዳይ ሆኖ በጽሑፍ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ ልጆች በሚንቀሳቀሰው በር ሥር እንዳይሮጡ ተቆጣጠሩ፤ ሞተሩ ሲታገል ከሰማችሁም በሩን ዘግታችሁ መኪናውን ለጥቂት ቀን ውጭ አቁሙት።